ለአክስቴ ክፍል ዋይፋይ ፍለጋ

የአባቴ ታናሽ እህት መስማት የተሳናት ናት። የምትኖረው ከእኛው ጋር ነው፤ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ከጓሮ በኩል ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የልብ ጓደኛዋ በልጅነቷ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያገኘቻት፣ እንደሷው መስማት የተሳናት ሴት ናት። ጓደኛዋ አግብታ ድሬዳዋ ከሄደች በኋላ ለብዙ ዓመት የሚገናኙት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር።

ዋይፋይ ያስገባን ቀን አክስቴን ሳሎን አስቀምጬ ለጓደኛዋ በቪዲዮ ደወልኩላት። ጓደኛዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል አክስቴ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥላ በሁለት እጇ ማውራት ጀመረች። ድሬዳዋ ያለችው ሴትዮ የምታየው የሳሎናችንን ኮርኒስ ነበር። ስልኩን አንስቼ ከውሃ ጆግ ጋር አስደገፍኩትና ሁለቱ ሳይተነፍሱ አወሩ። እጃቸው እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም።

ችግሩ እኛ ቤት ሁሉም ሰው የምልክት ቋንቋ ያውቃል። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ከበሩ ላይ ወሬውን ትከታተላለች። አባቴ ጭራሽ ከጀርባ ሆኖ መልስ ይሰጣል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ስልኩን አንስታ፣ «ክፍሌ ሄጄ ነው የማወራው» አለችን በእጇ። ወዲያው ተመልሳ መጣች። ክፍሏ ውስጥ ምስሉ ይቆማል፤ የጓደኛዋ እጅ በቃል መሐል አየር ላይ ደርቆ ይቀራል። ድምፅ ሲቆራረጥ የጎደለውን በግምት ይሞሉታል። የቆመ እጅ ግን ምንም አይናገርም።

ፊቷን ሳይ ዛሬ ይህን ነገር ሳልጨርስ ምሳ አልበላም አልኩ።

መጀመሪያ የነካሁት ራውተሩን ነው። እናቴ አቧራ እንዳይነካው ብላ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበር ያስቀመጠችው። አውጥቼ በጓሮው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ስልኬን ይዤ ስወጣ ግቢው መሐል ድረስ ጥሩ ይሠራል፤ አክስቴ በር ላይ ስደርስ ይሞታል። እንዲያም ሆኖ ደስ አለኝ፤ ቀድሞ ከሳሎን በር አያልፍም ነበር።

በባጃጅ ባህል አዳራሽ ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ ኮምፒውተር የሚጠግን የድሮ የክፍል ጓደኛዬን አማከርኩት። ሪፒተር ሰጠኝ፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲግናሉን እየተቀበለ ወደፊት የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። እየሮጥኩ ገብቼ አክስቴ ክፍል ሰካሁት። የስልኩ የሲግናል ምልክት ሞላ። ለሁላቸውም አሳየሁ፤ አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ስንደውል ግን ምስሉ እንደገና ደረቀ።

ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«የት ሰካሽው?»

«አክስቴ ክፍል ነዋ።»

«እዚያ የሚደርሰው ሲግናል ደካማ ነው አላልሽኝም? እሱም የሚያሳልፈው ያንኑ ደካማውን ነው። ስልክሽ ከሪፒተሩ ጋር ስለተገናኘ ነው ሙሉ የሚያሳይሽ። ወደ መሐል አምጪው፤ ሲግናሉ ገና ሳይደክም ይቀበል።»

መሐል ማለት ወጥ ቤት ነው። ሪፒተሩን ረጅም ማከፋፈያ ገመድ ላይ ሰክቼ ማዞር ጀመርኩ። አባቴ ገመዱን ከኋላዬ ይለቅልኛል። አክስቴ ለጥቂት ጊዜ ስታየን ቆየችና ስልኬን ከእጄ ወሰደች። «አንቺ ዕቃውን አዟዙሪ፤ እኔ እጇን አያለሁ» አለችኝ። ለጓደኛዋ ደውላ በጣቷ ከአንድ ጀምራ እንድትቆጥር አዘዘቻትና ክፍሏ ገብታ በሩን ከፍታ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጨዋታ ሆነ። ከፍሪጁ አጠገብ ሳደርገው አክስቴ ከግቢው ማዶ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ከአራት ወደ ዘጠኝ ዘሎባታል። ከብረት በሩ ጀርባም እንዲሁ ሆነ። መደርደሪያው ላይ ሃያ ድረስ ሄዶ ቆመ። እናቴም ሽንኩርቷን ትታ፣ «እስቲ መስኮቱ ጋ ሞክሪው» አለችኝ። ግቢውን በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጥኩት።

አክስቴ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ አትንኪው ማለቷ ነው። ሁላችንም ባለንበት ቆምን። ሠላሳ። አርባ። በየአሥሩ በጣቷ ታሳየናለች። ሰባ ላይ አባቴ፣ ሲደሰት እንደሚያደርገው፣ ወደ ልጅነት ቋንቋው፣ ወደ ሲዳሙ አፎ ተሻግሮ ለራሱ የሆነ ነገር ይል ጀመር። መቶ ስትደርስ አክስቴ ስልኩን ወደኛ አዞረችው። ድሬዳዋ ያለችው ሴትዮ እየሳቀች በሁለት እጇ ታጨበጭብልናለች፤ ምስሉ አንዴም አልተቋረጠም። ገመዱን ለቅቄ ወደ ግቢው ወጥቼ ዘለልኩ።

አክስቴ አመሰገነችንና በሯን ዘጋች። መጋረጃውንም ሳበችው።

«አሁን የምታወራውን በምን እናውቃለን?» አለች እናቴ።

«አናውቅማ» አላት አባቴ። «ለዚህ አይደል የደከምነው?»

ምሳ ቀርቦ ከበላን በኋላ ነው የወጣችው። ዓይኗ በሳቅ እንባ ርሷል። «ምን አወራችሁ?» አልኳት በእጄ። ሁለት እጇን የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ፣ ትከሻዋን ብቻ ሰብቃ ወደ ምሳዋ ሄደች።