አመድ የነካው እጅ

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሩር ጨዋታ በተያዘ ቁጥር የበሩን መስመር በአመድ የሚያሰምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ረጀብ ነው። ጎረምሶቹ «አባቴ፣ ይተዉት፣ እኛ በቅል እናፍስስልዎ» ቢሏቸው በጄ አይሉም። በባዶ ቀኝ እጃቸው አመዱን እየዘገኑ፣ ጎንበስ ብለው፣ ከአንዱ የቀርከሃ ቋሚ እስከ ሌላው ያሰምራሉ። ጨዋታው እስኪያልቅም ያንን እጃቸውን አይታጠቡም።

ምክንያቱን የሚያውቁት ዝም ይላሉ። ዝም ማለት ደግ ነው፤ ግን እዚህ ጋ አልወደውም፤ ለምን እንደማልወደው ስትሰሙ ይገባችኋል። ነገሩ የሆነው በሺ ስምንት መቶ ዘጠና ሁለት ገደማ፣ ከደጋ የመጣው ጦር ባለፈ በሦስተኛው ዓመት ነው። ያኔ ረጀብ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበርና አንቱታውን ለጊዜው እንተወው።

በዚያ አገር ማሽላው ታጭዶ ከገባ እስከ ዝናቡ መባቻ፣ አምስት መንደሮች በየቅዳሜው ይጋጠማሉ። በአንድ ወገን ሰባት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቆልማማ ዱላ። ሩሯ ከዛፍ ሥር ተጠርባ የወጣች እንክብል ናት፤ በሰሊጥ ዘይትና በጥላሸት ታሽታ ጥቁር ትሆናለች። ይህ ለጌጥ አይደለም። የበሩ መስመር አመድ ስለሆነ፣ ሩሯ መስመሩን ካለፈች ዘይቱ አመዱን ይይዛል። ዳኛ የለም፤ ምስክሯ ራሷ ሩሯ ናት። ነጭ ከታየባት ገብታለች፣ አመድ አስማሪውም ያስገባውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ጥቁር ከሆነች አልገባችም። በር ጠባቂው ከመስመሩ ፊት ይቆማል እንጂ አመዱን ሊነካ አይፈቀድለትም፤ አመድ የነካው በር ጠባቂ ሩሯን ከመስመሩ ኋላ ጎትቶ አውጥቷል ተብሎ ይፈረድበታልና።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ክፉ ሕግ ነው። ሩሯ ጥቁር ሆና እየታየች «ገብታለች» ብሎ የማለ ሰው፣ ወይ «ተሳስቻለሁ» ይላል፣ ወይ ዱላውን በገዛ ጉልበቱ ሰብሮ ከሜዳ ይወጣል። ዱላውን የሰበረ ሰው ሐሰተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በገበያም በሽምግልናም ቃሉ አይቆጠርም።

የረጀብ መንደር ከተራራው ሥር ናት። ለአሸናፊ የሚሰጠውን ቀይ የጨርቅ ዓላማ አሥራ አንድ ዓመት አላየችውም። በዚያ ዓመት የመንደሩ ሰው እልህ ያዘው። «እናንተ ሰባታችሁ ማጭድ እንዳትነኩ! ሥራችሁ ሩር ነው» አሏቸው። ማሽላቸውን መንደሩ አጨደላቸው፣ ሴቶቹ በየተራ ገንፎውን ከሰሊጥ ጋር አቀረቡላቸው። እንደ ሙሽራ ተቀለቡ ብል ይሻላል። እነሱም አላሳፈሩም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያሸንፋሉ። ረጀብ በር ጠባቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አንዲት ሩር እንኳ አላለፈችውም። እናቶች ሲያልፍ «ማሻ አላህ» ይሉት ጀመር፤ እሱም አንገቱን ቀና ማድረግ ለመደ።

የቀረው የወንዝ ዳር መንደር ብቻ ነበር። እነሱም እኩል አሸንፈው መጥተዋል። ከእነሱ መሃል ዐወድ የሚባል ጎበዝ አለ፤ ሲመታት ሩሯ ታፏጫለች። ዐወድና ረጀብ ከልጅነት ጀምሮ ከአንድ ገበታ የበሉ ጓደኞች ናቸው። ይብሱንም ዐወድ የረጀብን ታናሽ እህት ዐፊፋን ሊያገባ በሁለቱ ቤት መሃል ቃል ተገብቷል። ጨዋታው ሲያልቅ ሽማግሌ ይመጣል ተብሎ ዐፊፋ ቀን እየቆጠረች ነበር።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሦስት ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። ሁለት ለሁለት ሆኑ፤ ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ነፋስ ተነሣ፣ አቧራው ሰውን ከሰው አላሳይ አለ። ዐወድ ከሩቅ መታት። ረጀብ ሰማት እንጂ አላያትም፤ በጎኑ አልፋ አመዱ ላይ ነጠረችና አንድ ስንዝር ያህል ከኋላ ተቀመጠች። ዘሎ ተደፋባት። ብድግ ሊያደርጋት ሲል ሆዷ ላይ ነጩን አየ።

እዚህ ላይ ሰዎች «ሰይጣን አሳሳተው» ይላሉ። ሰይጣን ምን አደረገ? ሰይጣን እጅ የለውም! የረጀብ እጅ ነው አመዱን በመዳፉ ጠርጎ፣ የቀረውን በሽርጡ የውስጥ ጠርዝ ያበሰው። አቧራው ሲገለጥ ሩሯን በግራ እጁ ከፍ አድርጎ አሳየ። ጥቁር ናት። ቀኝ እጁ ጭብጥ ብሎ ከሽርጡ እጥፋት ገብቷል።

«ገብታለች!» አለ ዐወድ እየሮጠ። «ወላሂ ገብታለች፣ በዐይኔ አይቻታለሁ!»

የወንዝ ዳር ሰዎች ሩሯን አገላብጠው አዩ፤ ነጭ የለባትም። አንዱ ሽማግሌያቸው «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ በልና ዱላህን ይዘህ ግባ» ብሎ ለመነው። ዐወድ ራሱን ነቀነቀ። «ያላየሁትን አይቻለሁ አላልኩም። ያየሁትን አላየሁም አልልም» አለና ዱላውን በጉልበቱ ሰበረው። ቀጭ ስትል ረጀብ በአጥንቱ ውስጥ ነው የሰማት። ወዲያው በተፈጠረው ግርግር የተራራው ሰዎች መቱና አገቡ፣ ዓላማውን ወሰዱ።

ከጨዋታ በኋላ አሸናፊና ተሸናፊ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ይጨባበጣል። ረጀብ እጁን ቢዘረጋ አመዱ ሊታይ ነው። ግራውን ቢሰጥ ነውር ነው። «እጄ ተሰበረ!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ አንዱ ውሸት ሁለተኛውን ወለደ። ሰውም «ለመንደሩ እጁን የሰጠ!» እያለ ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ የቅል መለከቱ ዋዛ እየተነፋ፣ እየጨፈረ ወሰደው። አምላኬ! ሰው በገዛ ድሉ ላይ ተቀምጦ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ ሲመኝ አስቡት።

ብኸይታ የምትባል ወጌሻ ተጠራች። እጁን ከክንዱ እስከ ጣቱ ዳበሰችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋች፤ በመዳፉ መስመሮች ውስጥ የቀረውን ነጭም አየች። ፊቷን ቀና አድርጋ ተመለከተችው። ረጀብ ዐይኑን ሰበረ። አሮጊቷ የቀርከሃ ስንጥር አድርጋ ጥብቅ አድርጋ አሰረችውና «አርባ ቀን» ብላ ወጣች።

በሳምንቱ የዐወድ ሽማግሌዎች መጡ። የረጀብ አባት አልአሚን ቃሉን እንደ ሃይማኖቱ የሚጠብቅ ሰው ነው። በክብር አስቀመጣቸው፣ ውሃ ሰጣቸው፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ዐወድን እንደ ልጄ እወደው ነበር» አላቸው። «ግን በአላህ ስም በሐሰት ለማለ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«የማለው ያየውን ቢሆንስ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«ሩሯን ያነሣት ይኸው እዚህ ተቀምጧል። ረጀብ! ንጹሕ ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

ዐፊፋ ከቀርከሃው ግርዶሽ በስተኋላ ቆማለች፤ የእግሯ ጣቶች ከሥር ይታዩታል። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው። ረጀብ አፉን ከፈተ፤ መንደሩ ሁሉ የቀለበው ገንፎ፣ ትከሻው ላይ ያወጡት ሰዎች፣ የአባቱ ፊት፣ ሁሉም ባንዴ ተደቀኑበት። «ንጹሕ ነበረች» አለ። ልብ በሉ፣ ከጠረጋት በኋላ ንጹሕ ነበረች! እንዲህ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ እፍረቱ ግን በዚህ አይታለልም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወጡ። ከግርዶሹ ሥር የነበሩት ጣቶችም ዞር አሉ። ከጎረቤት አንዱ «ድሮም ዐወድ ምላሰ ረጅም ነው» ብሎ ሲስቅ ረጀብ እዚያው ተቀምጦ ሰማ። አመድ በዱቄት ይስቃል ማለት ይኸው ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዐወድ ራሱ መንገድ ላይ አገኘው። ጓዙን በትከሻው አንግቷል። ረጀብ ሊሸሽ ዞር አለ፤ ዐወድ ግን ቀደመው።

«ወደ ኩርሙክ ከነጋዴዎች ጋር ልሄድ ነው» አለ ዐወድ። «እዚህ ጨው እንኳ ሸጬ ሰው አያምነኝም።»

ረጀብ የታሰረ እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«በአንተ አልፈርድም፣ ወንድሜ። በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ ተደፍተህባት አንተ ምኑን ታያለህ? እጅህን አላህ ያሽረው። ዐፊፋን አደራ።»

ይህን ብሎ የታሰረውን እጅ በሁለት እጁ ቀስ ብሎ፣ እንዳያመው እየተጠነቀቀ ያዘው። ከዚያ ሄደ። ቢሰድበው፣ ቢመታው ኖሮ ምንኛ በተሻለው! ረጀብ መንገዱ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ። ግን ተነሥቶ አልጠራውም። «ዝም አይነቅዝም» እያለ ወደ ቤቱ ገባ። ይነቅዛል እንጂ! ከነቀዝም አልፎ ይሸታል።

በአርባኛው ቀን ብኸይታ መጥታ ፈታችው። እጁ ገርጥቶ፣ ከስቶ፣ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ወጣ።

«ያልተሰበረ እጅ ሲታሰር እንዲህ ነው» አለችው አሮጊቷ።

«ካወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ አጥንት ነው የምጠግነው። ይሄ የአንተ ነው።»

ያን ቀን ከዚያ በላይ መሸከም አቃተው። ዐፊፋ ደጅ ማሽላ ስታበጥር አገኛትና እፊቷ በጉልበቱ ወደቀ። «ዐፊፋ፣ ሩሯ ገብታ ነበር። እኔ ነኝ የጠረግኋት። ዐወድ እውነቱን ነው» አላት።

ዐፊፋ ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «የዚያን ቀን ሽርጥህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጠርዙ በአመድ ቦክቶ ነበር።»

«ታዲያ… ሽማግሌዎቹ በመጡ ዕለት ለምን ዝም አልሽ?»

«አባቴ የጠየቀው አንተን ነው። ወንድሜ እያለ እኔ ምን ብዬ ልናገር? አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁህ።»

ረጀብ የዚያኑ ዕለት ለአባቱ ተናገረ። አልአሚን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ዓላማውን ከተሰቀለበት የሾላ ዛፍ ላይ በገዛ እጁ አወረደ፣ በመንደሩ መሃል ራሱን ገልጦ አልፎ ለወንዝ ዳር ሰዎች አስረከበ፣ ስለ ልጁ ይቅርታ ለመነ። የቀለቡት እናቶች ረጀብ ሲያልፍ ፊታቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ። ወደ ኩርሙክ ሰው ተላከ። ዐወድ ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ሱዳን ተሻግሯል ተባለ። በዓመቱ ተላከ፣ በሁለት ዓመቱ ረጀብ ራሱ ሄደ፤ ያየውም የለ፣ የሰማውም የለ።

ዐፊፋ አራት ዓመት ጠበቀች። ከዚያ ባምባሲ አጠገብ ላለ ገበሬ ተዳረች፤ ደግ ሰው ነው አሉ። የመጀመሪያ ልጇን ዐወድ አለችው። ባሏ ጥሩ ስም ነው ብሎ ወደደው። ረጀብ ለዒድ ሲሄድ ያንን ልጅ በስሙ መጥራት ግድ ይሆንበታል፤ በጠራው ቁጥር ምላሱ ይተሳሰራል። እህቱ ታበላዋለች፣ ታጠጣዋለች፣ የሄደውን ሰው ግን አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። እሱም ዱላ ዳግመኛ አልጨበጠም። ማንም ሳያዘው፣ በየዓመቱ አመድ አስማሪነቱን በራሱ ላይ ወሰደ።

እንግዲህ አንቱታውን እንመልስላቸው። ዓመታት አልፈው የእህታቸው ልጅ ዐወድ ጎልማሳ ሆነና የአባቱን መንደር ተጫዋቾች ይዞ ከተራራው ሥር ሊጫወት መጣ። ዐፊፋም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ወደ ማብቂያው ላይ ልጁ ሩሯን ከሩቅ ላጋት፤ በበር ጠባቂው ጎን አልፋ አመዱን ጥሳ ገባች። ሲያነሷት ሆዷ ነጭ ነው፤ የተከራከረም የለ። የቀረው አመድ አስማሪው ስሙን መጥራት ብቻ ነበር።

ረጀብ ብድግ አሉ። «ዐወድ አስገብቷል!» አሉ።

አንዴ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን አላቆሙም። «ዐወድ አስገብቷል! ወላሂ አስገብቷል! በዐይኔ አይቻለሁ፣ ዐወድ ነው ያስገባው!» እያሉ፣ ድምፃቸው እየተሰነጠቀ፣ ወደ ኩርሙክ መንገድ ዞረው ጮኹ። የመንደራቸው ሰዎች ተያዩ፤ ሽማግሌው በገዛ መንደራቸው ሽንፈት የሚደሰቱ መሰላቸውና አንዳንዱ ሳቀ።

ዐፊፋ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጣች። ያንን አመዳም ቀኝ እጅ ይዛ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሰማሁ፣ ወንድሜ» አለቻቸው። «እሱ ግን አልሰማም።»