የሰባተኛው አያቴ ስም

ልጅ ሳለሁ፣ ከአያቴ ከአባባ ተሰማ ቤት ምሽት ላይ መውጫ አልነበረም። በሩ ተዘግቶ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበ፣ የአያቶቻችንን ታሪክ ሲያወሩልን ቆይተው «በሉ ቁጠሩ» ይሉናል፤ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ መነሳት የለም። እኔ እስከ ስድስት እሮጥና ሰባተኛው ላይ እቀራለሁ። ወንዝ ሲሞላ የጎረቤት ልጅ አዝለው የተሻገሩት ናቸው፤ ታሪካቸውን አውቃለሁ፣ ስማቸው ይጠፋኛል። አባባ ፍሙን እየቆሰቆሱ ይነግሩኛል፣ በማግስቱ እረሳዋለሁ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሽማግሌዎች እህቴን ሊጠይቁ መጡ። ያኔ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባቴ ሰባተኛው ቢጠፋበት «ከአባባ ሥር የማትጠፋው እሷ ናት» ብሎ ወደኔ ዞረ። ሁሉም አዩኝ። ምን ልበላችሁ፣ በበሩ በኩል የምትታየኝ ግንባረ ነጯ በቅሏችን ቦራ ነበረች፤ «አባ ቦራ» አልኩ። በፈረስ ስም የሚጠሩ ጀግና መሰሏቸው፤ አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም ዝናቸውን ሰምቻለሁ አሉ። እህቴ ተዳረች። ልጆቿን ባተኮሳቸው ቁጥር የምንቀጠቀጠው ግን እኔ ነበርኩ፤ ከዘመዷ አጋብቻት ይሆን እያልኩ።

ይኸው በስተርጅና በሰው አገር፣ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ባለፈው ክረምት ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልችል ብሎ፣ ቤት ተቀምጫለሁ። የልጅ ልጄ ሩት፣ የጥንት ብራና የምታጠናዋ፣ ሆዷ ገፍቶ አጠገቤ ሆና የድሮ እንግሊዝ ነገሥታት ዘር የተቆጠረበትን ጽሑፍ በኮምፒውተሯ ታሳየኛለች። እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ይወጣ ይወጣና፣ ኖኅ መርከቡ ውስጥ ወለደው የሚሉት ልጅ ላይ ይደርሳል።

«የኖኅ ልጆች ሦስት ናቸው» አልኳት።

«ጸሐፊዎቹ ናቸው የጨመሩት፣ ኦማ» አለች፤ እዚህ አያት ኦማ ነው የምትባለው። «ነገሥታቱን ከአዳም ጋር ማገናኘት ፈልገው።»

ሳቅን። ከዚያ እኔ የነገርኳትን የኛን የዘር ቆጠራ በእርሳስ የጻፈችበትን ወረቀት አወጣችና ጣቷን ሰባተኛው ላይ አሳረፈች። «ልጄን ቦራ ነው የምለው።»

ሳቄ ጠፋ። በሩ ቅርብ ነው፤ ግን የት እሄዳለሁ?

«ቦራ በቅሏችን ናት» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

ስሙን በላጲስ አጠፋችው፤ ቦታውን ባዶ ተወችው። «እሳቱ ዳር ያስቀመጠሽ ሰውዬስ ስሙ ማን ነበር?»

አንቱ በያቸው ልላት ነበር፣ ተውኩት። «ተሰማ» አልኳት።

ትንሹ ተሰማ አሁን ምንጣፉ ላይ ይድሃል። እኔ ግን ከዚያ ጭስ ቤት የወጣሁ አይመስለኝም። የፍሙ ሙቀት ጉንጬ ላይ አለ። ሰባተኛው አያቴም አሁንም ወንዙ መሃል ናቸው፣ ልጅ አዝለው፤ በስማቸው ጠርቼ ላወጣቸው አልቻልኩም።