ባለ ሰባት ወንበሯ መኪና

ሀዲጃ ነገሩን የሰማችው ከሽርካዋ ከአልጣሽ አይደለም፤ ከመካኒኩ ከጥበቡ ነው። በግንቦት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ጎማ ልታስነፋ ዲላ ወዳለው ጋራዡ ጎራ ብላ ነበር። ጥበቡ የአየሩን ቱቦ እንደያዘ ቀና አለና፣ «እትዬ ሀዲጃ፣ ይቺን መኪና ልትለውጧት ነው አሉ። አዲሷን ሳላያት እንዳትወስኑ» አላት።

«ማን አለ?»

«አልጣሽ ናታ። ትናንት ከአንድ ሰውዬ ጋር መጥታ፣ ባለፈው ወር የፈተሽከውን የባትሪ ውጤት በወረቀት ጻፍልኝ አለችኝ። እኔ እኮ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

ሀዲጃ አራተኛው ጎማ እስኪነፋ እንኳ አልጠበቀችም። ሞተሩን አስነስታ ወጣች። ጥበቡ ቱቦውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

እነዚህ ሁለት ሴቶች መኪናዋን በጋራ ከገዟት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሀዲጃ አባቷ ከስልጤ መጥቶ ዲላ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ፣ እሷ ራሷ ግን እዚያው ዲላ ተወልዳ ያደገች የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በወናጎ መስመር ሚኒባስ ነድታለች። መጀመሪያ ሰሞን መሪ ላይ ሴት ሲያይ የሚወርድ ተሳፋሪ ነበር። በኋላ ላይ ግን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሷን ተራ መጠበቅ ጀመሩ። አልጣሽ የወናጎ ገጠር ልጅ፣ ጌዴኦ፣ ለብዙ ዓመታት ቡና ቀማሽ ሆና የሠራች ናት። ከአሪቻ እስከ ፍስሐ ገነት ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሁሉ በር ይከፈትላታል። የተዋወቁትም ሚኒባሱ ውስጥ ነው፤ አልጣሽ ዘወትር ጋቢና ነበር የምትቀመጠው።

ሥራቸው እንግዳ ማመላለስ ነው። ቡና ገዢ፣ ተመራማሪ፣ ለዩኒቨርሲቲው ስብሰባ መጥቶ ገጠሩን ማየት የሚፈልግ ሰው። ሀዲጃ ትነዳለች፣ አልጣሽ ታስጎበኛለች። መኪናዋ ነጭ፣ አምስት ሰው የምትይዝ፣ በቻርጅም በቤንዚንም የምትሠራ ሃይብሪድ ናት። ሀዲጃ ቤት ቻርጅ ተደርጋ ካደረች ወናጎ ደርሳ ስትመለስ ጠብታ ቤንዚን አትነካም። መብራት ሲጠፋ በቤንዚን፣ ማደያው ሲደርቅ በመብራት ይሠራሉ። ሁለቱም ሲጠፉ ቤታቸው ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ይቺን መኪና ነው አልጣሽ ሳትነግራት ልትለውጥ የተነሣችው።

ሀዲጃ በአልጣሽ ቤት በር ላይ መኪናዋን አቁማ ጥሩምባ ነፋች። አልጣሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ትነፊያለሽ?»

«አልገባም። መኪናዬን ሸጥሽ?»

«መኪናሽን? ‹መኪናችን› ማለት ከበደሽ?»

«ጥያቄዬን መልሺ፣ አልጣሽ!»

«አልሸጥኩም። ልነግርሽ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ የምንጨምርለትን ገንዘብ ቁርጡን ይንገረኝ ብዬ ነው።»

«ቁርጡ ሲታወቅ ለቀብሩ ልትጠሪኝ ነበር?»

አልጣሽ በሩን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ስሚኝ። በለውጥ የምናገኛት ባለ ሰባት ወንበር ናት። እንደዚችው ሃይብሪድ ናት፤ ግን በቻርጅ ብቻ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ፍስሐ ገነት ደርሰን ስንመለስ ቤንዚን አንነካም።»

«ማን አለ?»

«ሰውየው።»

«ሰውየው ሻጭ ነዋ! ምን እንዲልሽ ፈለግሽ?»

ሀዲጃ ተናዳ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል። አልጣሽ ይህን ታውቃለችና ቃሏን ለመስማት ጠጋ አለች። በመጨረሻ ሀዲጃ፣ «መኪናዋን ያምጣ። እኔ እነዳታለሁ። ሰባት ሰው ጭኜ፣ ፍስሐ ገነት ደርሼ፣ ስመለስ በአሪቻ ጭቃ አስገባታለሁ። ከዚያ እናወራለን» ብላ ሄደች።

ሰውየው ወንድይራድ ይባላል። መኪና እየለዋወጠ የሚኖር፣ ከሐዋሳ የመጣ ነጋዴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ያቺን ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ መኪና ይዞ መጣ። ጣሪያዋን በድምፅ አዝዞ ሊያስከፍት ሲሞክር መኪናዋ በቻይንኛ መለሰችለት፤ ጣሪያው አልተከፈተም። የነሱን ነጭ መኪና ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ደህና ናት፣ ለሴት የምትሆን ናት፤ ለባለቤቴ ነው የፈለግኳት» አለ። ቀጥሎ ወደ ሀዲጃ ዞሮ፣ «መሪውን እኔ ልያዝልሽ፣ እህቴ። ከይርጋጨፌ ወዲያ መንገዱ ሸካራ ነው» አላት።

«ቁልፉን» አለች ሀዲጃ እጇን ዘርግታ።

ጥበቡም አብሯቸው ሊሄድ መጥቶ ነበር። ሰባት ሰው ስላልሞላ፣ በጎደሉት ሦስት ሰዎች ቦታ ሦስት ጆንያ አሸዋ የጫነው እሱ ነው።

እስከ ወናጎ መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል፣ ወንበሯ ወገብ ይይዛል። ሀዲጃ ወደደቻት፤ መውደዷም አናደዳት። ወንድይራድ ከኋላ ሆኖ፣ «አላልኳችሁም?» ይላል በየደቂቃው። ይርጋጨፌን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ ግን የባትሪው ቁጥር መውረድ ጀመረ። ፍስሐ ገነት ሲገቡ ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር፤ ተመልሰው ወደ አሪቻ ሲታጠፉ ደግሞ ጭራሽ አለቀ። መቶ ሃምሳ የተባለው ኪሎ ሜትር መቶ እንኳ አልሞላም።

«ጭነት ስላለባት ነው» አለ ወንድይራድ።

«ሰባት ወንበር የተሠራው ለምንድን ነው ታዲያ? ለባዶ?» አለችው ሀዲጃ።

ትናንት የዘነበው ዝናብ ቀዩን አፈር ሳሙና አድርጎታል። ባትሪው ካለቀ በኋላ ትንሿ ሞተር ብቻዋን እያቃሰተች ዳገቱን ስትጀምር፣ ከሥር ሆዷን ድንጋይ ፋቀው።

«ቀስ በይ እንጂ! ልትሰብሪያት ነው!» ብሎ ወንድይራድ ጮኸ።

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወደ ኋላ ነው የምሄደው!»

መኪናዋ መሄድ አልቻለችም፤ ቆመች። ወረዱ። ጆንያዎቹን አወረዱ። ጥበቡ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ቀጥሎ የቻርጅ መሰኪያዋን ክዳን ከፈተ። «እትዬ ሀዲጃ፣ ቤትሽ የተተከለው ቻርጀር ለዚች አይሆንም። አፉ ሌላ ነው።»

«አዳፕተር ይገዛለታል» አለ ወንድይራድ።

«ከየት?»

«ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። ቀላል ነው።»

ሀዲጃ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ ወደ አልጣሽ ዞረች። «ይኸውልሽ ባለ ሰባት ወንበርሽ! ሆዷ መሬት የሚጎተት፣ ዳገት የሚያስጨንቃት፣ ቤታችን ቻርጅ የማትደረግ መኪና! መሪ ይዘሽ አታውቂ፣ ምን አገባሽ ብለሽ ነው መኪና መምረጥ የጀመርሽው?»

አልጣሽ ቀስ ብላ የምትናገር ሰው ናት፤ በጸሎት ቤትም ቢሆን ድምፅ ከፍ አድርጋ አትጸልይም። ያን ቀን ግን በመጀመሪያ ያወጣችው ጩኸት በአፍ መፍቻዋ በጌዴኡፋ ነበር፤ ከዚያ ነው ወደ አማርኛ የተመለሰችው።

«ስንት ጊዜ አውርደሽኛል? ቁጥሪልኝ እስቲ! ስንት ጊዜ ነው ከራሴ መኪና ያወረድሽኝ?»

«እኔ? መቼ ነው ያወረድኩሽ?»

«አራት እንግዳ በመጣ ቁጥር! ‹አልጣሽ፣ አንቺ በሚኒባስ ነይ።› ‹አልጣሽ፣ አንቺ ባጃጅ ያዢ።› ባለፈው ጥቅምት ይርጋጨፌ ላይ ትራንስፖርት አጥቼ በሞተር ነው የመጣሁት፣ በዝናብ። ስደርስ እንግዶቹ አይተው ጨርሰዋል። የኔ ሰዎች፣ እኔ ያስተዋወቅኩሽ ሰዎች፣ ላንቺ አስረድተው ጨርሰዋል! ሴትየዋ እንግዳ ‹ይቺ ማናት?› ብላ ስትጠይቅሽ ምን አልሽ?»

ሀዲጃ እግሯን ከጭቃው ነቅላ ወደ መኪናዋ ዞረች።

«‹ረዳቴ ናት› አልሻት። ረዳት! እኔ ያንቺ ረዳት ነኝ? በር ላይ ተንጠልጥዬ ‹ወናጎ፣ ወናጎ› የምልልሽ?»

ሀዲጃ ትዝ አላት። ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ ከነዳ አፍ ሳይታሰብ የወጣ ቃል ነበር፤ አውጥታውም ረስታዋለች። ጥፋቷ ሲገባት ደግሞ ንዴቷ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን በጓሮ ዞርሽ?»

«ነግሬሻለሁ! ‹ተጠጋግተው ልግባ› አልኩሽ፤ ‹ትራፊክ ይቀጣናል› አልሽኝ። ‹ሦስት ሰው ብቻ እንቀበል› አልኩሽ፤ ‹እንጀራችንን አትዝጊ› አልሽኝ። ስሜ ሊብሬው ላይ አለ፣ ሀዲጃ፤ ወንበሩ ላይ ግን የለም!»

ወንድይራድ በመሃላቸው ገባ። «እህቶቼ፣ በዚህ ምክንያት አትጣሉ። ዞሮ ዞሮ ጭማሪው ላይ…»

«አንተ ዝም በል!» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ።

መኪናዋን በአቅራቢያው ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኞች ገፍተው አወጧት። ወደ ዲላ ሲመለሱ አልጣሽ መጨረሻው ረድፍ፣ ጆንያዎቹ የነበሩበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። ወንድይራድ በማግስቱ ቢደውል ሁለቱም ስልኩን አላነሱለትም።

ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ተመራማሪዎች ሲመጡ ሀዲጃ ብቻዋን ይዛቸው አሪቻ ሄደች። ለእንግዶቻቸው ማሳቸውን ያስጎበኙ የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ ከአጥራቸው ወጥተው መኪናዋ ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው አዩና በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁ።

«አልጣሽ የታለ?»

«ዛሬ አልመጣችም፣ አባባ። እኔ አለሁ።»

«አልጣሽ ከሌለ እኔ ማን ጋር ያወራል? ነገ ይምጣ፣ ነገ ይናገራል» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ሀዲጃ በሽማግሌው ተናደደች። በእንግዶቹም፣ በአልጣሽም ተናደደች፤ ያን ‹ረዳት› የሚል ቃል ባወጣ አፏም ተናደደች። ስትመለስ መሪውን በጡጫ የመታችው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ አልጣሽ ቤት ሄደች። ዛሬ ጥሩምባ አልነፋችም፤ ገባች። ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች።

«ያቺን ጥቁር መኪና አንወስድም» አለች።

«እኔም አልወስድም። መጥፎ መኪና ናት። ስለ መኪናዋ ልክ ነበርሽ።»

«ሌላውን ደግሞ አንቺ ልክ ነበርሽ።»

አልጣሽ ጠበቀች። ሀዲጃ ዕድሜዋን ሙሉ ይቅርታ ጠይቃ የምታውቀው አባቷን ብቻ ነው። «ረዳት ማለቴ… አፌ ነው ያለው» አለች በመጨረሻ።

«አፍሽ ያንቺ ነው።»

«ነው። የኔ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው።»

አልጣሽ ወዲያው አልራራችላትም። «እሺ፣ አራት እንግዳ ሲመጣስ?» አለቻት።

«ምን ይሁን ትያለሽ?»

«መንዳት እማራለሁ። አንድ ቀን አንቺ ትነጃለሽ፣ አንድ ቀን እኔ። የማይነዳው በሚኒባስ ይመጣል።»

ሀዲጃ መኪናዋን በሌላ ሰው እጅ ማየት አልፈለገችም። ግን፣ «እሺ፣ እኔ አስተምርሻለሁ» አለች።

አልጣሽ በክረምቱ ተማረች፤ በመስከረም መንጃ ፈቃዷን ያዘች። ሀዲጃ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «ፍሬን! ፍሬን አልኩሽ!» እያለች ስታስጮኸው የከረመችውን የወናጎ መንገድ የማያስታውስ የሠፈር ሰው የለም። ጥቅምት ላይ አራት ቡና ገዢዎች መጡ፤ ተራው የአልጣሽ ነበር። ሀዲጃ ከዲላ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈረች። በአንድ ወንበር አራተኛ ሆና ጭኗ ላይ የሰው ዶሮ አስቀምጠውባት ሄደች። ይርጋጨፌ ላይ ዝናብ ያዛት። ወደ አሪቻ የሚወስዳት ባጃጅ ጭቃ ፈርቶ ግማሽ መንገድ ላይ አወረዳት፤ የቀረውን በእግሯ ወጣች። ስትደርስ አልጣሽ መኪናዋን በሥርዓት አቁማ፣ እንግዶቹን በቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ መሃል እያዞረች ታስረዳ ነበር። ዞር ብሎ «ደረስሽ?» ያላት እንኳ የለም።

ሀዲጃ ለሁለት ቀን አልጣሽን አላናገረቻትም። በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከሦስት እንግዳ በላይ አንቀበልም። እንጨዋወት እንዳትይኝ፤ ሌላ ወሬ የለኝም» አለቻትና ስልኩን ዘጋችው።

አንድ ትልቅ ደንበኛ በዚህ ምክንያት ሄደባቸው። በቡድን እንግዳ የሚልክላቸው ድርጅት ሌላ መኪና ያዘ። ሀዲጃ እስካሁን ስሙ ሲነሣ ፊቷ ይጠቁራል። ነጯ መኪና አሁንም ሀዲጃ ቤት ቻርጅ ተደርጋ ታድራለች፤ ጋቢናዋ ላይ ተራ በተራ ይቀመጣሉ። ሰሞኑን ጥበቡ ከወደ አዲስ አበባ ሌላ ባለ ሰባት ወንበር እንዳለች ሰምቷል፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ የቻርጅ አፏም ከነሱ ቻርጀር ጋር የሚገጥም ሃይብሪድ። አልጣሽ ሄደን እንያት ትላለች። ሀዲጃ መጀመሪያ ዳገት ላይ ካልነዳኋት ብላ ትከራከራለች። አልጣሽ ደግሞ፣ «አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትነጂያት፣ እኔም ነኝ» ትላታለች። እስካሁን አልተስማሙም።