እናቴና ጭቃ ፋቂው ኢንዛይም

ቴፒ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ለመመረቅ የቀረኝ አንድ ሴሚናር ነበር። ካላለፍኩ ጓደኞቼ ጋዋን ሲለብሱ እኔ ፎቶ አንሺ ሆኜ መቅረቴ ነው። የደረሰኝ ርዕስ ደግሞ ምላስ የሚያደክም፤ ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ጂን የሚቀሰቅሱ የአንድ ቤተሰብ ፕሮቲኖችን እንዴት እንደሚይዝና እንደሚቆጣጠር። ነገሩ አልገባኝም፤ ስለዚህ እንግሊዝኛውን እንዳለ ሸመደድኩት። የረሳሁትን ከስላይዱ አነባለሁ ብዬ ነው።

በሴሚናሩ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያወርደዋል። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ የሸመደድኩትም አብሮት ጠፋ። የሰው ፊት እሳት ነው የሚሉት ያን ቀን ገባኝ። መምህራችን ክፉ ባይሆኑም ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። "በአማርኛም ቢሆን አስረጂን" አሉኝ።

አቀረቀርኩ። ወለሉ ተማሪው በጫማው ባመጣው ጭቃ ተለስኗል። ጌጫ ያለችው እናቴ ብታየው ምን እንደምትል ታሰበኝና ሳቄ አመለጠኝ።

"እኛ ቤት" አልኩ፣ "በጭቃ ጫማ ማንም አይገባም። እናቴ ደፉ ላይ ቆማ በቀርከሃ ስንጣሪ ትፍቀናለች። እነዚህም ፕሮቲኖች ፎስፌት የሚባል ነገር እንደ ጭቃ ተለጥፎባቸው ከሴሉ አስኳል ውጭ ይቆማሉ። ኢንዛይሙ ሲፍቅላቸው ይገባሉ፤ ገብተው ጂኖቹን ሥራ ያስጀምራሉ።"

የክፍሉ ሳቅ ድፍረት ሰጠኝና ቀጠልኩ። እናቴ ሳትይዝ አትፍቅም፤ የምትይዘን ከላይ፣ የምትፍቀን ከታች ነው። ኢንዛይሙም የሚይዝበት ቦታ ሌላ፣ የሚፍቅበት ሌላ ነው። ደግሞ ሁላችንንም እኩል አትይዘንም። ወንድሜ ስለሚያመልጣት ኮሌታውን ጨምድዳ ነው፤ ትንሿን እህቴን ግን በጣቷ ጫፍ። ፕሮቲኖቹም ወንድማማች ቢሆኑም መያዣቸው ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ተደርጎ ይያዛል።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ታዲያ ሁሉንም አጥብቆ ቢይዝ ምን አለበት?"

የዚህን መልስ አልሸመደድኩትም። ግን እዚያ ደፍ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ።

"አንዱን ሙጭጭ ብሎ ከያዘ፣ ሌሎቹን ውጭ ዝናብ ይመታቸዋል።"

መምህሩ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አለፍኩ።

በምርቃቴ ማግስት ጌጫ ስገባ ያው ዝናብ ነው። ታናናሾቼ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ፤ ጋዋኔን በላስቲክ ጠቅልለው ከኋላ ከኋላዬ ይከተላሉ። እናቴ ስንጣሪዋን ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። ክርኔን ያዘች፤ አንዱን ጫማ ፋቀች፣ ሌላውንም ፋቀች። ጨረሰች፤ ግን አልለቀቀችኝም። ቀና ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔም ባትለቀኝ ደስ ባለኝ።

"እማዬ!" ብሎ ጮኸ ወንድሜ። "እኛስ? ዝናብ መታን እኮ!"

ለቀቀችኝና የእሱን ኮሌታ ጨመደደች። እኔም ገባሁ።