ውሃው ጫፍ እስኪደርስ

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ሰቆጣ ዙሪያ ወዳለው ቀበሌያችን ስመለስ፣ ቦርሳዬን ገና ሳላወርድ አባቴ «ዘንድሮ የውሃውን ተራ የምታወጪው አንቺ ነሽ» አለኝ። የመጀመሪያ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል።

አባቴ የውሃ አባት ነው። በበጋ ምንጩ ስለሚደክም ውሃው ሌሊቱን ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲነጋ ይከፈትና በአንድ ቦይ ለአስራ አንድ ማሳ ይዳረሳል። ማን በየትኛው ቀን፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚያጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ድሮ በጥላ እየለካ ነበር። በኋላ ወንድሜ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፈለትና ዝርዝሩ በወረቀት ይወጣ ጀመር። አምና ወንድሜ ለሥራ ዐረብ አገር ሄደ። በረሃ ውስጥ ግመል ስለሚጠብቅ ከተማ ካልወጣ ስልኩ አይገኝም።

ትቶት በሄደው ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራሙን ፈለግሁ። እሱ የጻፈው ጽሑፍ ጠፍቷል። የቀረው ፓይተን ለራሱ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጠው፣ ሰው ከፍቶ ሊያነበው የማይችለው ፋይል ብቻ ነበር። ይሠራል፤ ውስጡ ግን አይታይም። እንዴት እንደሚነሳ የነገረኝ አባቴ ነው፤ ወንድሜ ሲሠራ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።

«ተራ ብሎ ይጽፋል። ስማችንን ያስገባል፣ መሬታችንን ያስገባል፣ ከዚያ ዝርዝሩ ይወጣል።»

ስሞቹን ሰጠሁት። የመሬቱን ስፋት ሰጠሁት። ልጨርስ ስል አባቴ ከኋላዬ «ከንጋቱ አስራ ሁለት መጀመሩን እንዳትረሺ» አለኝ። እንዳልረሳ ብዬ በሦስተኛው ቦታ 12 ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ምንም ስህተት አላሳየም። ዝርዝሩም በእርግጥ ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወጣ። ከተማ ወርጄ አሳተምኩት፤ አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲያስገባ ተማሪነቴ የጠቀመ መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር አነበበው። እያንዳንዱን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኽምጥኛ ይላል። የመጨረሻዋ አክስቴ ነበረች። ማሳዋ የቦዩ ጫፍ ላይ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያ ማሳ ሽንኩርት ነው።

«አምሳ ሁለት ደቂቃ» አለ አባቴ።

«አምሳ ሁለት?» አለች። «አምና ሰማንያ ነበር እኮ። መሬቴ ሌሊት ሌሊት ይሸበሸባል እንዴ?»

የቦዩ ራስ ላይ የሚያርሱት ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ሳቁ። «ልክ ያልነበረውስ ሰማንያው ነው! ወንድምየው ለአክስቱ ሲያዳላ ከረመ፤ እህቲቱ ግን እግዜርን ፈራች።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። በአምሳ ሁለት ደቂቃ ውሃው ግማሽ ማሳዋን ሳያልፍ ይዘጋባታል። ተራዋ ደግሞ ማክሰኞ ንጋት ነው። አባቴ እኔን አየኝ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። መምህራችን አንድ ጊዜ እንደዋዛ ያነሳው ነገር ትዝ አለኝ፦ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ ተጠርቶ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል፣ የተጻፈበት ባይታይ እንኳ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ምን ምን እንደሚቀበል ራሱን መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግል ኢንስፔክት የሚባል ሞጁል ፓይተን ውስጥ አለ። ደብተሬን ገለበጥኩ፤ በሁለት መስመር ጠየቅሁት። አንድ መስመር መለሰልኝ።

(ስሞች, መሬት, መድረሻ=40, ጅምር=12)

ወንድሜ ሁሉንም በአማርኛ ነው የሰየመው። ድምፁን የሰማሁ ያህል ሆነብኝ። የእኩል ምልክቱ ትርጉም ይገባኛል፤ «ካልነገርሽኝ ይህን እወስዳለሁ» ማለት ነው። ጅምሩ ባልነግረውም አስራ ሁለት ነበር፤ ስህተቴን የሸፈነልኝ እሱ ነው። በሦስተኛው ቦታ ያስቀመጥኩት 12 የገባው መድረሻ ላይ ነው። የአክስቴን አርባ ደቂቃ ወደ አስራ ሁለት ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ግን መድረሻ ምንድን ነው? አባቴን ጠየቅሁት።

«አንድ ጠዋት ስልኩን ይዞ ከውሃው ጋር በእግሩ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ልጁ ምን ነካው ብዬ ነበር።»

ያኔ ገባኝ፤ መድረሻ ማለት ውሃው ከኩሬው ተነስቶ የቦዩ ጫፍ እስኪደርስ የሚፈጅበት፣ በአክስቴ ተራ ላይ የሚጨመርላት ደቂቃ ነው።

ሰኞ ጎረቤታችን ቤት ሄጄ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። በደንብ ሰሙኝ።

«እሺ፣ አስራ ሁለቱ ያንቺ ነው። አርባውስ የማን ነው? ከወንድምሽ ራስ የወጣ አይደለም?»

ያየሁት መስመር አርባ መሆኑን ነግሮኛል፤ ልክ መሆኑን ከየት ላምጣ?

«ነገ ሲነጋ ይምጡና አብረን እንለካው» አልኳቸው።

ማክሰኞ አባቴ የኩሬውን አፍ ከፈተ። ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔ ስልኬን አየሁ። ከውሃው ራስ ጋር መሄድ ጀመርን። ሌሊቱን በደረቀ ቦይ ውስጥ ውሃ እንዲህ ቀስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ደረቅ ቅጠልና ጉንዳን ፊት ፊቱ እየገፋ ይመጣል፤ ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር ቆሞ ይጠጣል። እኛም አብረን እንቆማለን። ከሁሉ የዘገየው በጎረቤታችን ማሳ አጠገብ ነው፤ ደለልና ሳር ቦዩን ሞልተውታል። እሳቸው ማሳቸውን የሚያጠጡት ከዚያ በላይ ስለሆነ የታችኛውን አይጠርጉትም። እዚያ ስንደርስ ሳሩን በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉት።

አክስቴ ዶማዋን ተደግፋ ትጠብቀን ነበር። ውሃው እግሯ ሥር ሲደርስ ሰዓታችንን አስተያየን። አምሳ ሰባት ደቂቃ።

«እንግዲህ አያ» አለች ፈገግ ብላ፣ «አስራ ሰባት ይጨመርልኝ?»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው ቦዩን አዩ። «አንዲትም አይጨመርልሽ! ቦዩን እጠርጋለሁ!»

«መጀመሪያ ይጨመርልኝ፤ ከዚያ ይጥረጉ።»

አባቴ ፈረደ፦ ቦዩ እስኪጠረግ አምሳ ሰባቱ ይታሰብላታል። የዚያን ቀን ውሃው የተዘጋው የመጨረሻው የሽንኩርት መደብ ከራሰ በኋላ ነው። ቆሜ አየሁት።

ዝርዝሩን እንደገና ሳወጣ ቁጥሩን በቦታው ብቻ መስጠቱን አላመንኩም፤ ስሙን ጠርቼ «መድረሻ=57» ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ ሽማግሌው ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አካፋ ይዘው ወጡ። በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደገና ከውሃው ጋር ወረድን። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።

«ከአምናውም ሁለት ደቂቃ ወሰዱብኝ» አለች አክስቴ፣ ቶሎ ቶሎ ውሃዋን ወደ መደቡ እየመራች።