ለፔርሙዝ ብዬ የተማርኩት እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶን ላይ ነው። “ይሰበራል”፣ “በዚህ በኩል ወደ ላይ”፣ “ከውሃ ይራቅ” የሚሉትን ከሩቅ አውቃቸዋለሁ። በነዚህ ሦስት ነገሮች መርካቶ ውስጥ ሃያ ዓመት ነገድኩ፤ ሌላ ሌላውን የሚጽፍልኝ ደላላ ነበረኝ። ደላላዬ ልጁ ዘንድ ሐዋሳ ሄዶ በዚያው ቀረ። እሱ በሄደ በወሩ ባሕር ማዶ ያለ የፔርሙዝ ፋብሪካ ደብዳቤ ላከልኝ።

ስልኬ እንደተረጎመልኝ ፋብሪካው ለመርካቶ አንድ አከፋፋይ ይፈልጋል፤ አንድ ብቻ። የጠየቁት ደግሞ እኔንና ከሱቄ ፊት ለፊት የምትነግደውን ሴትዮ ነው። ዋጋቸውን ጽፈዋል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ስጡን ብለዋል። ፔርሙዙ የጠዋት ሻይ ማታ የሚያቃጥልበት ነው። ካገኘሁት ቸርቻሪው ሁሉ በኔ በር ያልፋል፤ እሷ ካገኘችው እኔ ራሴ በሷ በር ልሰለፍ ነው።

መጀመሪያ መልሱንም ስልኬ ይተርጉምልኝ ብዬ ነበር። “ሆዴ ንጹሕ ነው” ብዬ የጻፍኩትን ወደ አማርኛ መልሼ ሳየው “ሆዴን ታጥቤያለሁ” ብሎ ስላገኘሁት ተውኩት። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ፣ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ጡረተኛ መምህር ዘንድ ሄድኩ። ሙሉ ትምህርቱን አልፈለግኩም፤ ለአንድ ደብዳቤ የሚበቃውን ያህል እንዲመዝኑልኝ ጠየቅኳቸው።

“እዚህ በኪሎ አይሸጥም” አሉኝ። “ቁጭ በል።”

በሦስተኛው ቀን የጻፍኩትን አነበቡ። እኔ ፔርሙዝ መሸጥ፣ ታማኝ፣ እና ከሃያ ዓመት ጀምሮ ነኝ፣ የሚል ነበር።

“ሱቅህ ውስጥ ፔርሙዝ፣ ሽንኩርትና የቀን መቁጠሪያ በአንድ መደርደሪያ ትደረድራለህ?”

“ኧረ ጋሼ! ሰው ምን ይለኛል?”

“እዚህ ግን ደርድረሃል። አንዱ ሥራ ነው፣ አንዱ ጠባይ ነው፣ አንዱ ዘመን ነው። ሚስማር ተራ ሚስማር ነው የሚሸጠው። እንግሊዝኛም ተራ አለው። በሥራ ከጀመርክ ሦስቱንም ሥራ አድርግ።”

ይኼ ገባኝ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ገባኝ። እሸጣለሁ፣ አከፋፍላለሁ፣ አደርሳለሁ እያልኩ መንገድ ላይ በሦስት በሦስት መናገር ጀመርኩ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ አንዱን የታክሲ ረዳት “ትጮሃለህ፣ ትገፋለህ፣ ታጨናንቃለህ” ብዬው “ጋሼ ሰባኪ ናቸው፣ ቦታ ልቀቁላቸው” አለ።

ያስቸገረኝ ሌላው ነው። ደብዳቤዬን “ከአንጀቴ ሰላም እላችኋለሁ” ብዬ ከፍቼ፣ “ብዋሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው” ብዬ ዘግቼዋለሁ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

“አንጀቴ ስትላቸው ሐኪም ይልኩልሃል። በነሱ ቤት በልብ ነው።”

“ልብ ካለ አንጀትስ ምን ከለከለው? ትንሽ አሻሽሉልኝ እንጂ ጋሼ፤ ግማሹን በልብ፣ ግማሹን በአንጀት እናድርገው።”

“ይኼ ቁርጥ ዋጋ ነው። ሰዎቹ እንደዚህ ይላሉ፣ አለቀ። ለምን ብለህ አትከራከርም።”

“ግንባሩስ?”

“እሱን እዚሁ ተወው፤ ለመርካቶ ይበቃል።”

በዕድሜዬ ምንም ሳላስቀንስ የተቀበልኩት የመጀመሪያው ዕቃ ይኼ ነው። ደብዳቤው አለቀ። አጭር፣ ጨዋ፣ እንደ ሠልፍ የተደረደረ። መምህሩ አንብበው “አሁን ላከው” አሉኝ።

እኔ ግን ሱቅ ስደርስ ደብዳቤው ጎደለብኝ። የፋብሪካውን ዋጋ እንዳለ የሚቀበል ነጋዴ የት አለ? በኛ ሰፈር ገዢ “በቃ ተወው” ብሎ ሦስት እርምጃ ካልተራመደ ዋጋ አይወርድም። ሻጩ “ና እስቲ፣ ና ወዲህ፣ ስንት አልክ?” ይላል፤ ያኔ ንግግሩ ይጀመራል። በሻጭነቴ ስጣራ፣ በገዢነቴ ስጠራ ነው የኖርኩት። ስለዚህ በራሴ እጅ፣ ከታች ጨመርኩበት፤ ዋጋው ይቀነስ፣ ካርቶኑ ይጨመር፣ ማድረሻው ይፍጠን፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አንድም ስህተት የለበትም። ሦስቱ ጥያቄዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ወድጄው ሁለቴ አነበብኩትና ላክሁት።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ግልጽነትዎን እናከብራለን፣ ሥራዎ የተቃና ይሁን ይላል። ጥሩ ነው፣ ሊጠሩኝ ነው፣ አልኩ። ሻጭ ቶሎ አይጣራም፤ ኩራት አለው። ሁለት ቀን ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ፎቁን ወጥቼ ለመምህሩ አሳየኋቸው።

“እንግሊዝኛው ትክክል ነው” አሉኝ፤ ሳቃቸውን በመሐረብ ይዘው።

“እሱ አይደል ያጠፋኝ! ሰባብሬ ብጽፈው ኖሮ ምን ለማለት ነው ብለው ይጠይቁኝ ነበር።”

“ሌላ ሰው ፈልጉ አልካቸው። ሊፈልጉ ሄዱ። አሁኑኑ ተመለስና በዋጋችሁ እፈልጋለሁ በላቸው።”

“ሳይጠሩኝ?”

“ሳይጠሩህ።”

ለመርካቶ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳልደረድር፣ “በዋጋችሁ እፈልጋለሁ” የምትል አንድ መስመር ጽፌ ላክሁ። የፋብሪካው ሰዎች አዝነዋል፤ አከፋፋይ ትናንት አግኝተዋል።

ፔርሙዙ ሲገባ የፊት ለፊቷ ነጋዴ ሱቅ ሄድኩ። ቸርቻሪዎች መሐል ተሰልፌ ስታየኝ በደስታ ተነሳች።

“ምነው ጠፋህ? ፈረንጅ ሆኗል፣ ፎቅ እየወጣ ይማራል ሲሉኝ ነበር።”

“ተይኝ እስቲ እቱ። አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው?”

ስልኳን አወጣችና አሳየችኝ። ረጅም ደብዳቤያቸው አለ፤ ከሥሩ የሷ መልስ፣ “ዬስ”፤ ከሱ ቀጥሎ አውራ ጣት።

“ይኸው ነው?”

“ሌላ ምን ላውቅ? ባውቅማ እከራከራቸው ነበር” አለች።

አሥር ካርቶን ወሰድኩ፤ በነገረችኝ ዋጋ። ስወጣ ጠራችኝ፤ አሁን ፋብሪካው ብዙ እየጠየቃት ስለሆነ ደብዳቤውን እኔ እንድጽፍላት ፈለገች። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጽፍላታለሁ። እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ ተራ አስይዤ በእንግሊዝኛ አሰፍራለሁ። ስጨርስ፣ ከታች አንድ መስመር ሳልጨምር፣ ስልኩን ከእጄ ቀምታ የምትልከው ራሷ ናት።