አሻግሬ ያጠፋው መጨረሻ

አሻግሬ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ፊልም ግን ይተረጉማል። መካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ያለው ፊልም ቤቱ ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት የሚለየው በአንድ ቆርቆሮ ነው። ፈረንጆቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸውን ይቀንስና ማይክሮፎኑን ይዞ አፉ ያመጣለትን ይለፈልፋል። ሰባት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሰምቼዋለሁ። መርከብ ላይ የቆመውን ፈረንጅ «ከወረኢሉ መልስ ነኝ» ሲያሰኘው ሰምቼ፣ በሳቅ የሰው ሱሪ ያበላሸሁበት ቀን አለ።

የተወለደው ማሻ የሚባል የገጠር መንደር ነው። ለድቁና ተልኮ ዳዊት ሳይደግም ጠፋ፤ ከዚያ በወረኢሉ መንገድ ወያላ ሆኖ አምስት ዓመት ጮኸ። ከቄስ ትምህርት ቤት ተግሣጽ፣ ከመኪና ጩኸት ተረፈው እንጂ ሌላ ሙያ የለውም። ቴሌቪዥኑንም፣ ድምፅ ማጉያውንም፣ አግዳሚ ወንበሮቹንም የገዛችለት ታላቅ እህቱ በዛች ናት፤ ቤሩት ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ። እሱ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ በዚያው ማይክሮፎን ዓረብ አገር የሚሄዱ ሴቶችን ይረግማል። ፊልሙ ምንም ይሁን ምን የሚዘጋው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ነው። ወንዶቹም ያጨበጭባሉ። እነሱም ያው እሱው ናቸው።

ከሁሉ የሚወደው ደሴ ሄዶ በፍላሽ ያስገለበጠው አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ የካቶሊኮች አገር የሰይጣን ፊልም። ሴትየዋ ስትጮህ እሱም አብሮ ይጮሃል፤ ቄሱ ሲቆጣ ደግሞ ድምፁን አወፍሮ እሱም ይቆጣል። ቄስ መሆን ያቃተው ሰው ቄስ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ጥር ታናሽ እህታቸው ዝናሽ ባሏን ጥላ ከማሻ መጣች። የግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ባሏ ቸኮል በጥፊ መትቶት ነው። ቸኮል ደግሞ የአሻግሬ የወያላነት ጓደኛ ነው፤ ጋብቻውንም ያጋባው አሻግሬ ራሱ ነው። ሁለት ሳምንት ካስጠጋት በኋላ ጓደኛው እንዳይቀየመው ፈራ። የእህቱ ጆሮ አላሳሰበውም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያን ፊልም እንድታይ አስገባት። እኔ በቆርቆሮው በኩል ሁሉንም ሰማሁ።

«እዩዋት፣ ሰይጣን ገባባት» አለ። «ሰይጣኑ ምን አደረገ? ከባሏ ቤት አስወጣት። ቄሱ ገሠጿት፣ ተመለሰች፣ ቤቷ ሰላም ሆነ። አለቀ።» ከዚያ አጠፋው።

ዝናሽ ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እኔ ገባችና ጨርቅ አስቀመጠች። ቀሚስ እንድሰፋላት፣ ሰኞ ማለዳ ለብሳው ወደ ቸኮል እንደምትመለስ ነገረችኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ ሀዲያ። የሆነ ነገር ገብቶብኝ ነው የወጣሁት» አለች። እኔስ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ ቻይው፣ አላህ ያውቃል» ብዬ ሜትሬን አነሳሁ። በአሻግሬ የምስቀው እኔው ሴትዮ፣ የዝናሽን የትከሻ ልክ ወሰድኩ። እስከ ዛሬ ያንን ሳስብ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ እሑድ በዛች መጣች። ከቤሩት ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ቀሚሱ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በዚያው ሰዓት ግድግዳው ማዶ ያው ፊልም ሊጀምር ነበር። ከስሩ ጽሑፍ የለውም ወይ አለችኝ። የዓረብኛ አለው፣ በበሩ ሳልፍ አይቻለሁ አልኳት። በዛች ዓረብኛውን እንደ ውኃ ትናገረዋለች፤ ፊደል ግን አትለይም፣ እመቤቷ ለመማር አንድ ቀን አልሰጠቻትም። እኔ ደግሞ ከመድረሳ ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ከትርጉሙ ግን የለሁበትም። ተያየን። መቀሴን አስቀምጬ ተነሳሁ፤ ዝናሽንም ከጓሮ ጠርተን እጇን ይዘን ገባን።

ወንዶቹ ሴት ገባ ብለው አጉረመረሙ። በዛች ሪሞቱን ከአሻግሬ እጅ ወሰደች። ፊልሙ ሲጀምር ሴትየዋ አልጋ ላይ ታስራ ትጮሃለች። ቀጥሎ ጓዟን በጨርቅ ቋጥራ ከቤት ስትወጣ ትታያለች። በሁለቱ መካከል አንዲት አጭር መስመር መጥታ ትጠፋለች። በዛች እዚያ ላይ አቆመችው። እኔ አነበብኩ፤ ሐረካ የሚባለው የአናባቢ ምልክት ስለሌለው ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ። በሦስተኛው ለበዛች ገባት።

«ከአንድ ዓመት በፊት» አለች።

አሻግሬ ፊልም ይታያል እንጂ አይነበብም አለ። የሰማው የለም። መስመር በመስመር እያነበብኩላት፣ እሷ በአማርኛ እየመለሰችው ቀጠልን። ሴትየዋ ባሏ ስለሚመታት ወጣች። እህቷ ቤት ተጠጋች። እንደ ወንፊት የተበሳሳ መስኮት ፊት ተንበርክካ ለቄሱ ተናዘዘች። ቄሱ ከመስኮቱ ጀርባ፣ ለምን ባልሽን አስቆጣሽው፣ ተመለሺ አላት። እሷም ደረቷን እየመታች ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ሰይጣኑ የመጣው ከተመለሰች በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያየነው አልጋ የታሪኩ መጨረሻ ነበር።

በዛች ሪሞቱን ተጭና እንደገና አቆመችው። «የኔም እመቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ደረቷን እየመታች ጥፋቱ የኔ ነው ትል ነበር» አለች። «ስትጨርስ በሩ የሚቆለፈው ግን በእኔ ላይ ነው።»

አሻግሬ ሁልጊዜ የሚያጠፋበት ቦታ ደረሰ። በዛች አላጠፋችውም። አልጋው ተመልሶ መጣ፤ ሴትየዋ ታስራ ሞተች። ቄሱ ዓይኗን ከደነና ንስሐዋን ፈጸመች አለ፤ ባልየው አለቀሰ። በቃ። ፊልሙን የሠሩትም ቢሆኑ ከአሻግሬ አይሻሉም። በዚያ ሁሉ ሰዓት ሴቷ የምትሠራው መጮህ፣ መንበርከክና መሞት ነው፤ ባልየውን ለምን መታሃት ያለው አንድ ሰው የለም።

በዛች «ይህን መጨረሻ ታውቀው ነበር ወይ?» ብላ ወንድሟን ጠየቀችው። ያለ ማይክሮፎን ድምፁ ቀጭን ነው። «አልጋው ተመልሶ ሲመጣ ፊልሙ እንደገና የጀመረ መስሎኝ ነው የማጠፋው» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። ዝናሽ አልሳቀችም፤ በዚያ የሰው ድንቁርና ነገ ማለዳ ልትሳፈር ነበር።

ሰኞ አውቶቡሱ ሦስት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። አሻግሬ ከሾፌሩ ጀርባ መቀመጫ አስይዞላት ነበር። ዝናሽ ግን እኔ ዘንድ ተቀምጣ ምላጭ አለሽ አለችኝና የቀሚሱን ስፌት ከትከሻው ጀምራ ፈታችው። አውቶቡሱ ሲሄድ ቀና ብላ አላየችም።

አሁን ከእኔ ጋር ትሰፋለች። አሻግሬ ያን ፊልም አልተወውም፤ እንደ ድሮው ገልብጦ ይተርከዋል፣ ስህተቱን ከሚያርም ቢሞት ይሻለዋል። እሑድ ሲሆን ዝናሽ ወንበሯን ታዞርና ደህናውን ጆሮዋን ወደ ቆርቆሮው ታደርጋለች። ሴትየዋ ጓዟን ቋጥራ የምትወጣበት ቦታ ሲደርስ፣ በመቀስ እጀታ ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ «ከአንድ ዓመት በፊት» ትላለች። አሻግሬም ያን ጊዜ ዝም ይላል።